ብርብራ የተበተነበት ውሃ

የሸተተው ሬሳው አልነበረም። ሰውየው ከሞተ ገና ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላውም። የሸተተው ከባሕር ዳር በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የከረመው ሁለት ኩንታል ዓሣ ነበር። ኢንስፔክተር የትናየት ከመኪናዋ ወርዳ የመጀመሪያውን አየር እንደሳበች የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጫነች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፊልም ነው» አላት የአርብ ገበያው ሳጅን ዋሴ፣ ሃምሳን የተሻገረ፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ የሚል ፖሊስ። «አስቂኝ ፊልም ነው አሉ። ስለ ዓሣ አጥማጆች።» ይህን ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ዞረና አስታወከ። ከጠዋት ጀምሮ አራተኛው መሆኑን ኋላ ነገራት።

ቦታው ከአርብ ገበያ ቁልቁል አንድ ሰዓት የሚያስኬድ የታች ጋይንት ቆላ ነው። ወንዙ በበጋ ይቆራረጥና እዚህም እዚያም ጥልቅ ውሃ ብቻ ይቀራል። ትልቁን ሰዉ «እናት ውሃ» ይለዋል። ፊልም ሠሪዎቹ በዚህ ውሃ ዳር አምስት ጎጆ ቀልሰዋል፤ ሰማያዊ የተቀባ ታንኳ አስቀምጠዋል፤ መረብ ሰቅለዋል፤ «የዓሣ ገበያ» የሚል ሰሌዳም ተክለዋል። አጥማጅ በሌለበት አገር የአጥማጅ መንደር ሠርተው፣ ያመጡትን ዓሣ ደግሞ «ለቀረጻ ያስፈልጋል» ብለው ሲበሰብስ ዝም አሉት። ያውም በዐቢይ ጾም። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር መምህራኑ ይጨርሱት፤ የበሰበሰ ዓሣ ግን ለጾምም ለፍስክም አይሆንም።

ሟቹ እንድርያስ ይባላል። አገር ያሳቀ ኮሜዲያን ነው። የአጥማጅ ልብሱን እንደለበሰ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ከደረቱ በላይ እናት ውሃ ውስጥ፣ ወገቡና እግሩ ዳሩ ላይ። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ተጫምቷል። በዙሪያው ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ያደረጉ ትንንሽ ዓሦች ተንሳፍፈዋል።

ከታንኳው ጋር ደግሞ አንድ ሰው በመረብ ገመድ ታስሯል።

«እሱስ?»

«ሙላው ይባላል፤ እዚሁ የሚያርስ ነው» አለ ዋሴ። «ዓሣ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ለመቅረጽ ፈልገው ብርብራ በትንልን አሉት። ትላንት ሁሉም እያዩት ፍሬውን ወቅጦ ፀሐይ ሳትጠልቅ በተነው። ዛሬ ጠዋት ይኼ ሰውዬ ሞቶ ተገኘ። ሁሉም በአንድ አፍ ‘መርዞት ነው’ አሉ። ምን ላድርግ፣ አሰርኩት።»

የትናየት ወደ ታሰረው ሰው ሄደች። «አያ ሙላው፣ ብርብራ ሰው ይገድላል?»

«የእኔ እመቤት፣ ብርብራ ዓሣ ያሰክራል እንጂ ሰውን ምን ያደርገዋል? አባቴም በትኗል፤ አያቴም በትኗል። ውሃው ውስጥ ገብተን ነው ዓሣውን የምንለቅመው።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ታች። ብርብራ የበተነ ሰው ሦስት ቀን ቁልቁል ወርዶ ‘ከብት አታጠጡ’ እያለ ይጮኻል። ወጉ ነው። በላይኛው ኩሬ አጠጡ ብዬ ለፍልፌ ስመለስ ይኸው ያዙኝ።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ንግስት ቀና አለች። «እታለም፣ እነዚህ ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው ጨርሰዋል። ከሰዓት ይሄዳሉ። ቃላቸውን ጥለው ከሄዱ የእኔን ባል ማን ይፈታዋል? የአዲስ አበባ ሰው ቃል ነው ወይስ የሙላው ቃል ነው የሚሰማው?»

የትናየት መልሱን ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም አፈረች። የፊልም ሠሪዎቹ ሚኒባስ የጨጨሆን ዳገት ካለፈ በኋላ ሰዎቹን ለቃል መጥራት ዘበት ነው፤ ሙላው ግን እዚሁ አለ፤ እዚሁ ያለ ሰው ደግሞ ለማሰር ይመቻል።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የቀኝ ቦቲውን ይዛ ጎተተችና ጫፉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ሁለት እፍኝ የሚሆን አረንጓዴ ውሃ ወረደ። እበት እበት ይላል። በውሃው ውስጥ ጣት የሚያህል ጥቁር ነገር ተሳበ፤ ተዘረጋ፣ ተኮማተረ፣ እንደገና ተዘረጋ። ደም ጠጥቶ የጠገበ አልቅት ነው። ሳጅን ዋሴ ለአምስተኛ ጊዜ ወደ ቁጥቋጦው ሄደ።

«ሳጅን፣ ስትመለስ የፕላስቲክ ጠርሙስ አምጣልኝ» አለችው። «ይኼ አልቅት እስከ ከሰዓት እንዳይሞትብኝ። አያ ሙላው፣ እናት ውሃ ውስጥ አልቅት አለ?»

«እስከ ትላንት ነበር» አለ ሙላው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አዘጋጁን ቴዎድሮስን ነው። ቁምጣ ለብሶ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል። አገጩን ሲላጭ ቆርጦት ወረቀት ለጥፎበታል።

«ኢንስፔክተር፣ ሬሳውን መቼ ነው የምታነሡልኝ? አራት ትዕይንት ይቀረኛል። ከጀርባ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሰው አግኝቻለሁ፤ ብርሃኑ ሳይሄድ አንዷን ቀርጬ ብወጣ...»

የትናየት ትክ ብላ አየችው። ሰውዬው ምንም አልተሰማውም።

«ሲሞት የት ነበሩ?»

«ድንኳኔ ውስጥ ተኝቼ። ተዋናይቷ ርብቃ አይታው ስትጮኽ ነው የነቃሁት፤ ሁለት ሰዓት ላይ። ብርብራው ነው የገደለው። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲያዞረው ለመውጣት ሞከረ፤ ግማሽ አካሉ ወጣ፤ አልቻለም፤ ተመልሶ በአፍጢሙ ተደፋ። በቃ።»

«ብርብራው ነው ያለው ማን ነው?»

«ማን እንደነበር... መሐሪ መሰለኝ፣ ካሜራማኑ። ማንም ይበለው፤ እውነት ነው።»

ተዋናይቷ ርብቃ ዓይኗ አብጧል፤ ስልኳ ግን ከእጇ አልወረደም። የግራ እጇ አንድ ጣት በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ትላንት የዓሣ ክንፍ እንደቆረጣት ተናገረች።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አለች እያለቀሰች። «ፎቶውን ለጥፌ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰባት ሺህ ሰው አዘነለት።»

«ነፍስ ይማር። ዛሬ ምን ነበር የሚቀረጸው?»

«የመስጠም ትዕይንት። ሰምጦ ‘ድረሱልኝ’ ሲል መንደሩ ሁሉ እየሳቀ የሚያየው። እንድርያስ ደግሞ ዋና አይችልም፤ ውሃ ይፈራል። ሳይለማመድ አይቀረጽም ነበር። ብቻውን ደግሞ አይለማመድም፤ የሚያየው ሰው ከሌለ ቀልዱ አይመጣለትም። ትላንት ራት ላይ ‘ነገ በማለዳ ማን ያየኛል?’ ብሎ ለምኖን ነበር።»

«ማን እሺ አለው?»

«ማንም። በዚህ ግማት ማን በማለዳ ይነሣል?» ርብቃ ይህን ብላ ስልኳን ሰረቅ አድርጋ አየች፤ ቁጥሩ ጨምሮ እንደሆነ ለማየት ነው። የትናየት አየቻት።

ካሜራማኑ መሐሪ ከሁሉም ርቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሌንሱን ይወለውላል። ዝምተኛ፣ ለስላሳ ሰው ነው። በዚያ ቦታ ዓሣ ያልሸተተ እሱ ብቻ ነው፤ ተጣጥቧል፣ ንጹሕ ሱሪ ለብሷል፣ ሽቶ ተቀብቷል። ነጭ ካልሲው ላይ ብቻ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የሳንቲም ያህል ቀይ አለ። የትናየት ስታየው እሱም ወደዚያው ተመለከተ።

«እሾህ ነው» አለ። «አንድ ሰዓት ገደማ ለመጸዳጃ ወጣ ስል ግራር ወጋኝ። ከዚያ በቀር ከድንኳኔ አልወጣሁም።»

«ከእንድርያስ ጋር ብዙ ሠርተሃል?»

«አሥራ ሁለት ዓመት። ሰው ሁሉ ይስቅለታል፤ እኔ አልስቅም። ካሜራ የያዘ ሰው ከሳቀ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። እሱ ግን ንቀት ይመስለው ነበር። በየሄድንበት ሰው ፊት ‘ግንዱ’ እያለ ይጠራኛል። ‘ግንዱን ሳላስቅ አልሞትም’ ይል ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ቀርጸሃል?»

«አይ።»

«ድንገት ቀርጸህ አጥፍተህ እንዳይሆን።»

መሐሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፋ መሰለ። «አንድም ቀረጻ አጥፍቼ አላውቅም፤ የተበላሸውን እንኳ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ አይባልም።»

ስለ ሟቹ ግን አንድም ነገር አልጠየቃትም።

የትናየት ዋሴን ይዛ ወደ ላይኛው የከብት ኩሬ ወጣች። ከእናት ውሃ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሙላው ስለተናገረ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ረፋዱ ላይ እዚህ ጠጥቷል፤ ጭቃው ተቦክቷል። ከብት ያልረገጠው ድንጋያማ ወገን ላይ የታንኳው መቅዘፊያ ወድቋል፤ ከውሃው ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ደረቁን። ከዚያም ጀምሮ ሣሩ በአንድ ወገን ተጋድሞ ቁልቁል ይወርዳል።

«አንድ ነገር ተጎትቷል» አለ ዋሴ።

«በምን?»

ሲመለሱ የተሰቀለውን መረብ ገለጠችው። አዲስ መረብ ነው፤ ከሱቅ ከወጣ ወዲህ ውሃ ነክቶ አያውቅም። መሐሉ ላይ ግን እርጥብ እበትና የኩሬ አረንጓዴ ተጣብቆበታል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም «የዓሣ ገበያ» የሚለው ሰሌዳ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሙላውን አስፈትታ ከፊት አስቀመጠችው። ዝንቡ ከዓሣው ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ዓሣው ይመላለሳል። የሚኒባሱ ሹፌር ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

«አጥፋው» አለችው የትናየት። አጠፋው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ውሃ አስቀመጠች። «ይኼ ከእናት ውሃ የተቀዳ ነው፤ ይኼ ከላይኛው ኩሬ። ይኼ ደግሞ ከእንድርያስ ቦቲ የወጣው አልቅት ነው።»

ርብቃ ፊቷን አዞረች። የትናየት አልቅቱን በማንኪያ የኩሬው ውሃ ውስጥ ጨመረችው። ተዘረጋና እንደ ሪባን እየተጥመዘመዘ ዋኘ። መልሳ አወጣችውና ወደ እናት ውሃው ሳህን አዛወረችው። ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተኮማተረ፤ የጠጣውን ደም ተፋ፤ ሳህኑ ሥር ወርዶ ቀረ። 

«አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ እዚሁ ጋይንት በቤተ ልሔም ደብር፣ ድጓ ያስተምሩ ነበር» አለች። «የበሬያችን አፍንጫ ውስጥ አልቅት ሲገባ ግን ድጓ አላዜሙለትም፤ የብርብራ ውሃ ያንጠባጥቡለት ነበር። ብርብራ ዓሣ እንደሚያሰክር ትላንት ሁላችሁም አይታችኋል። አልቅትን እንደሚገድል ግን ከብት ያላረባ ሰው ከየት ያውቀዋል? እንድርያስ እናት ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ቢሆን ቦቲው ውስጥ የገባው ውሃ ብርብራ በኖረበት፤ አልቅቱም አብሮ በሞተ። አልሞተም። ውሃውም አረንጓዴ ነው፤ እበት ይሸታል። ሰውየው የሞተው ላይኛው ኩሬ ነው። እዚህ የመጣው ሞቶ ነው።»

«ማን አመጣው?» አለ ቴዎድሮስ።

«በዚያ መረብ ጠቅልሎ ቁልቁል የጎተተው ሰው። መረቡን መልሶ ሰቅሎታል፤ እበቱን ግን አላየውም። ብርብራ እንዳለ ያውቃል፤ ሰው ‘መርዝ ነው’ እንዲል ፈልጓል። ሙላው ራሱ ቢሆን ሬሳውን የራሱ ብርብራ ወደተበተነበት ውሃ አያመጣውም፤ ከዚያ ያርቀዋል እንጂ። ሹፌሩና ሌሎቹ ያደሩት አርብ ገበያ ነው፤ እዚህ ያደራችሁት እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ።»

ቴዎድሮስ አፉን ከፈተ፤ የትናየት እጇን አነሣች።

«እንድርያስ ተመልካች ሳይኖረው አይለማመድም፤ ርብቃ ነግራኛለች። እናት ውሃ ብርብራ ስለተበተነበት ወደ ኩሬው ወጥቷል፤ ኩሬው ዳር አንድ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያ ሰው ሬሳውን ለማውጣት ውሃው ውስጥ ገብቷል። አልቅት ደግሞ ሰው ከሰው መርጦ አይጠባም፤ ያገኘውን ነው። አልቅት የጠባው ቁስል እንዴት ይደማል፣ አያ ሙላው?»

«አይቆምም» አለ ሙላው። «ደሙ እንዳይረጋ አድርጎ ነው የሚጠባው። ግማሽ ቀን ይፈሳል።»

«ርብቃ ጣቷ ተቆርጧል፤ ፕላስተሩ ግን ደረቅ ነው። አቶ ቴዎድሮስ አገጫቸው ተቆርጧል፤ ወረቀቱ ደርቆ ሊወድቅ ነው፤ እግራቸውም ከጠዋት ጀምሮ ፊታችን ነው፤ ምንም የለበትም። መሐሪን ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ እሾህ ወጋው። አምስት ሰዓት ላይ ሳየው ቀዩ የሳንቲም ያህል ነበር። አሁን አሳየን።»

ሁሉም ወደ መሐሪ እግር አዩ። ነጩ ካልሲ እስከ ጫማው ድረስ ቀልቷል። መሐሪ ለማውለቅ አልተጣደፈም፤ እምቢም አላለም። ሲያወልቀው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሦስት ማዕዘን ያለው ትንሽ ቀዳዳ ታየ፤ ደሙ ቀጭን ሆኖ ይወርዳል።

ሙላው ጎንበስ ብሎ አየው። «አልቅት ነው» አለ፤ የበሬውን እግር ያየ ይመስል ድምፁ ሳይለወጥ።

«መቅዘፊያውም ኩሬው ዳር ደረቁን ወድቋል» አለች የትናየት። «አንዱን ጫፍ ብትዘረጋለት ይይዘው ነበር። ቀረጻውን ስጠኝ።»

«ምን ቀረጻ?» አለ ቴዎድሮስ።

«በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ያላጠፋ ሰው ዛሬ አያጠፋም።»

መሐሪ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ ራሱ ሰጣት። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። እንድርያስ እስከ ወገቡ ኩሬው ውስጥ ገብቶ እጁን ያወናጭፋል፤ ፊቱን ያጣምማል፤ «ድረሱልኝ፣ ዓሣው አጠመደኝ!» ይላል። ከዚያ እግሩ ስር መሬት ይታጣል። ቦቲው ውሃ ሞልቶ ይጎትተዋል። «መሐሪ» ይላል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። «መሐሪ፣ በማርያም!» ምስሉ አልተንቀጠቀጠም። መቅዘፊያው በምስሉ ታችኛው ጥግ በኩል ሙሉውን ጊዜ ይታያል። አራት ደቂቃ ነው። በሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ሰው ይስቃል፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ከሆዱ፣ መቆም አቅቶት።

ርብቃ ስልኳን መሬት ላይ ጣለችው።

«መጀመሪያ እየተወነ መሰለኝ» አለ መሐሪ። «ከዚያ እንዳልሆነ ገባኝ። ትንሽ ይቀጥል ብዬ ነው። እንደዚያ ተውኖ አያውቅም። አሳቀኝ።»

«እኔስ?» አለ ሙላው። «እኔ ምን አደረግሁህ?»

መሐሪ አሰበ፤ ከልቡ አሰበ። «ምንም» አለ። «ብርብራው ስለነበር ነው።»

ዋሴ ሙላውን ባሰረበት ገመድ የመሐሪን እጅ አሰረ። የፍርድ ቤት ሰዎች ለዚህ ሥራ ስም ይፈልጉለታል፤ የትናየት ግን የሰማችውን ሳቅ ከጆሮዋ ማውጣት አቃታት። ስልኩን አሽጋ ወደ መኪናዋ ስትሄድ ቴዎድሮስ ከኋላዋ ደረሰባት።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት... ያ ቀረጻ፣ ምርመራው ሲያልቅ ማለቴ ነው፣ መጀመሪያዋ ደቂቃ ብቻ እንኳ ቢሆን... ለፊልሙ...»

የትናየት ቀኑን ሙሉ ግማቱን ችላ ነበር። አሁን ግን ወደ ቁጥቋጦው ሮጠች፤ ዛፍ ይዛ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስታወከች። ሳጅን ዋሴ ውሃ አቀበላት።

ተጉመጥምጣ ቀና ስትል ንግስት ብቻዋን ቆማ ቁልቁል ታያለች። ባሏ ከእስር እንደተፈታ ወደ ቤቱ አልገባም። ገና የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሁለት ይቀሩታል። ከወንዙ ታች በኩል፣ ከጠዋት ጀምሮ በጩኸት የሻከረ የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ከብት አታጠጡ! ውሃው ብርብራ አለበት! ከብት አታጠጡ!»